ዝናባችን ኮምጥጧል? ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ የአሲድ ዝናብና የጎንደር ደጋ

የአሲድ ዝናብ በትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ምሳሌዎቹ ግን የሩቅ አገር ናቸው፦ የደረቀ የአውሮፓ ደን፣ ዓሣ ያለቀበት የስዊድን ሐይቅ፣ ፊቱ የተበላ የእምነበረድ ሐውልት። ጎንደር ውስጥ የሚማር ልጅ ይህን አንብቦ ሲያበቃ የሚጠይቀው ሌላ ነው። «ደጋ ያለው አባቴ መሬቱ ኮመጠጠ ይላል፤ የነገሥታቱ ግንብ ኖራው ይረግፋል፤ ዝናቡም አንዳንድ ዓመት ይጠፋል። ይህ ሁሉ የአሲድ ዝናብ ሥራ ነው?» ጥያቄው በቂ መልስ ይገባዋል። መልሱን ባጭሩ አስቀድሜ ልናገር። መሬቱን ያኮመጠጠው የአሲድ ዝናብ አይደለም። ኖራውንም ያረገፈው እሱ አይደለም። ዝናብን በማጥፋት በኩል ግን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ያውም ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የወጣው፣ እጁ አለበት። እያንዳንዱን በየተራ እንመልከት።

ጋዙን ታውቁታላችሁ

ክብሪት ስትጭሩ መጀመሪያ አፍንጫችሁን ወጋ የሚያደርገው ሽታ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። በክብሪቱ ራስ ላይ ካሉት ቅመሞች አንዱ ዲን ነው፤ በሳይንሱ ስም ሰልፈር። ዲን ሲነድ እያንዳንዱ አቶም ከአየሩ ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ይዞ ቀለም የሌለው፣ ጉሮሮ የሚያንቅ ጋዝ ይሆናል።

ዲን በሕይወት ባለ ነገር ሁሉ ውስጥ አለ፤ በእንቁላል፣ በሽንኩርት፣ በራሳችን ጡንቻ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ተቀብረው የድንጋይ ከሰልና ድፍድፍ ነዳጅ በሆኑት ዕፅዋትና ጥቃቅን ተሕዋስያን ውስጥም ነበረ። የመዳብ፣ የዚንክና የእርሳስ ማዕድን በአብዛኛው ከዲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከሰል ሲነድ፣ ናፍጣ ሲቃጠል፣ መዳብ ሲቀለጥ ያ የቆየ ዲን ወደ አየር ይለቀቃል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከክብደቱ 1 በመቶው ዲን የሆነ 1 ቶን የድንጋይ ከሰል ብናነድ 10 ኪሎ ግራም ዲን ይቃጠላል። ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ከአንድ የዲን አቶም ጋር እኩል ስለሚመዝኑ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ 20 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ ትልቅ የከሰል ኃይል ማመንጫ በቀን ብዙ ሺህ ቶን ከሰል እንደሚያነድ ስታስቡ ነገሩ ምን ያህል እንደሚገዝፍ ይገባችኋል።

ጋዙ ገና አሲድ ሳይሆን ሰው ይጎዳል። የመተንፈሻ ቱቦን ያጠባል፤ አስም ያለበትን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያስጨንቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ40 ማይክሮግራም በላይ እንዳይሆን መክሯል። ከልክ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ ለንደን በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. አይታለች። ነፋስ በሌለበት የብርድ ሳምንት የከሰል ጭስ ከጭጋግ ጋር ተደባልቆ ከተማዋ ላይ አምስት ቀን ተኛ። በጊዜው ወደ 4,000 ሰው እንደሞተ ተቆጠረ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 12,000 ያደርሱታል።

ከጭስ ማውጫ እስከ ደመና

ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አየር ላይ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ግን ነፋስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሊወስደው ይችላል። እየሄደ ሳለ እንደገና ኦክስጅን ይጨምርና ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፤ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ። ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጣው ናይትሮጂን ኦክሳይድም በበኩሉ ናይትሪክ አሲድ ይሆናል። በክረምት ደመና መካከል የሚፈነዳው መብረቅም ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይፈጥራል፤ ይህ ግን ከጥንት የነበረ የተፈጥሮ ሥራ ስለሆነ አያስፈራም።

አሲዱ ወደ መሬት የሚመለሰው በዝናብ ብቻ አይደለም። በጭጋግና በውርጭ፣ ደረቅ ብናኝ ሆኖም ቅጠልና ድንጋይ ላይ ያርፋል። በጭጋግ የሚመጣው በተራራ ላይ ይብሳል፤ የጭጋግ ጠብታ ጥቃቅን ስለሆነ አሲዱ የተጠራቀመ ነው፣ ተራራውም ደመና ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል። በክረምት ስሜንን የሚያውቅ ሰው ይህን ነጥብ ልብ ቢለው ደስ ይለኛል።

ስንት ሲሆን ነው «አሲድ ዝናብ» የምንለው?

ኮምጣጣነት የሚለካው ፒኤች በሚባል ከ0 እስከ 14 ባለ መለኪያ ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ ሲወርድ ኮምጣጣ፣ ሲወጣ ደግሞ እንደ አመድ ውሃ አልካሊ ይሆናል። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ነው፤ በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ ከ4 በታች ይወርዳል። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት አሥር እጥፍ መኮምጠጥ መሆኑን ነው። ሁለት ደረጃ መቶ እጥፍ ነው።

ንጹሕ ዝናብ 7 አይደለም። ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት በራሱ 5.6 አካባቢ ነው። ስለዚህ «ዝናቡ አሲድ አለው» የሚለው ብቻውን ምንም አያስረዳም። የአሲድ ዝናብ የሚባለው ከዚያ በግልጽ የወረደው ነው። በምሥራቅ አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ችግሩ በከፋበት ዘመን የዓመቱ አማካይ 4.2 እና 4.3 ይደርስ ነበር፤ ከንጹሕ ዝናብ ከሃያ እጥፍ በላይ የኮመጠጠ ማለት ነው።

ሌላው ዓለም ምን አየ?

ነገሩን መጀመሪያ ያጠናው ሮበርት አንገስ ስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ኬሚስት ነው፤ ማንችስተር ላይ የፋብሪካ ጭስና ዝናብ እየለካ እ.ኤ.አ. በ1872 በጉዳዩ ላይ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። መንግሥታት ጉዳዩን የሰሙት ግን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ የስካንዲኔቪያ ሐይቆች ዓሣ ሲያጡ ነው። የስዊድንና የኖርዌይ አለት በአብዛኛው ግራናይት ነው፤ አሲድ የሚያበርድ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። የእንግሊዝና የጀርመን ከሰል ጭስ እዚያ ደርሶ ሲዘንብ ውሃው ኮመጠጠ፤ ከአፈሩ አሉሚኒየም እየሟሟ ወጥቶ የዓሦቹን ስንጥብ ዘጋ። ያጠፋው አንድ አገር፣ የተጎዳው ሌላ አገር። እ.ኤ.አ. በ1979 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለት ስምምነት የመጣው ከዚህ ክርክር ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1990 ሕጓን አጠበቀች፤ ከዚያ ወዲህ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀቷን ከ90 በመቶ በላይ ቀንሳለች። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2006 ገደማ በኋላ እንዲሁ በፍጥነት አወረደች። ይህ በሽታ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ወደ መድኃኒቱ በኋላ እመለሳለሁ።

የጎንደር አየር ላይ ያለው ጭስ

ጠዋት ከከተማው በላይ የሚታየው ጭስ በአብዛኛው የማገዶ እንጨት፣ የኩበት፣ የከሰልና የቆሻሻ ቃጠሎ ጭስ ነው፤ በበጋ የመንገድ አቧራ ይጨመርበታል። በእንጨትና በእንጨት ከሰል ውስጥ ያለው ዲን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ እናቶቻችንን በማዕድ ቤት የሚጎዳቸው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አይደለም፤ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው የጢስ ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መፍትሔው የተለያየ ነውና። ለብናኙ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃና ኤሌክትሪክ ምጣድ ይረዳል፤ ሰልፈርን የሚቀንስ ሕግ ለእሱ ምንም አይጠቅምም።

በከተማው አየር ውስጥ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚገባው በዋናነት ከናፍጣ ነው፤ ከጭነት መኪና፣ ከአውቶቡስ፣ መብራት ሲጠፋ ከሚነሣው ጄኔሬተር። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ አገራችን የምታቃጥለው ነዳጅ ተጣርቶ የመጣ ነው፤ ዛሬ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ስለዚህ በናፍጣችን ውስጥ ስንት ዲን እንዳለ የሚወሰነው በግዢ ውሉ ላይ ነው። አንድ ሚሊዮን ክፍል ናፍጣ ውስጥ 500 ክፍል ዲን ካለ 100 ሊትሩ ሲቃጠል ወደ 84 ግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ባለው የ10 ክፍል ልክ ቢሆን 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 ጀምሮ ወደ 50 ክፍል ለመውረድ በጋራ ወስነዋል። ጎረቤት የቻለውን እኛ የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ኤሌክትሪካችን ግን ንጹሕ ነው፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ተከዜ፣ ጣና በለስ፣ አሁን ደግሞ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ኃይል የሚያመነጩት በውሃ ነው። ደቡብ አፍሪካ በምፑማላንጋ ከፍታ ላይ በደረደረቻቸው የከሰል ማመንጫዎች ምክንያት በሳተላይት ካርታ ላይ ደምቃ ትታያለች፤ የኢትዮጵያ ደጋ በዚያው ካርታ ላይ በአብዛኛው ባዶ ነው።

የአፋር እሳተ ገሞራዎች

በአብዛኛው አልሁ እንጂ ሙሉ በሙሉ አላልሁም። ከጎንደር በአየር መስመር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በምሥራቅ ኤርታ አሌ አለ፤ ለዘመናት ቀልጦ ሲንተከተክ የኖረ እሳተ ገሞራ። ከእሱ ወደ ሰሜን ዳሎል አለ፤ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹ ፒኤቻቸው ወደ 0፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች የሚወርድ፣ በምድር ላይ ከሚታወቁት ኮምጣጣ ውሃዎች ዋነኞቹ ናቸው። በኢትዮጵያ ትልቁ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ምንጭ ፋብሪካ ሳይሆን ይህ ምድር ነው።

ሰኔ 2003 ዓ.ም. በኤርትራ በኩል፣ በድንበራችን አጠገብ፣ ናብሮ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በታሪክ ሲፈነዳ ያየው ሰው አልነበረም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ላይ ወረወረ፤ በፊሊፒንስ ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈነዳ ወዲህ ከታዩት ትላልቅ ልቀቶች አንዱ ነበር። አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን እንኳ አመዱን ፈርተው ጉብኝታቸውን አሳጥረው ሄዱ። ደመናው የነጎደው ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ የዚህኛው ደመና ተቃራኒውን መንገድ ይዞ በየመንና በኦማን አልፎ እስከ ሕንድ ደረሰ። አፍዴራ ላይ አመድ ወረደ፤ ጎንደር ላይ ሰማዩ አልተነካም።

ልዩነቱን ያመጣው ወቅቱ ነው። በክረምት ከላይ፣ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ከፍታ፣ ብርቱ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። በበጋ ግን የላይኛው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ስለዚህ የአፋር እሳተ ገሞራ ለጎንደር የሚያሳስበው በክረምት ሲፈነዳ ነው፤ ዝናብ ባለበት፣ ጋዙ ታጥቦ ሊወርድ በሚችልበት ወር።

ዝናብ የሚያሳጣ ጋዝ

ብዙ ሰው ያልሰማው፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ነው።

ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሰልፈሪክ አሲድ ሲሆን የተፈጠሩት ጥቃቅን ጠብታዎች ሰማይ ላይ እንደ ስስ ነጠላ ተዘርግተው የፀሐይን ብርሃን ወደ ጠፈር ይመልሳሉ። ከበታቻቸው ያለው ምድርና ባሕር ይቀዘቅዛል። የእኛ የክረምት ዝናብ ደግሞ የሚመጣው በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከቀዘቀዘ ቀበቶው በሙሉ ኃይሉ አይወጣም። ደቡቡ ይጠግባል፤ ሰሜን ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና መላው ሳህል ይጠማል።

ሰኔ 1783 እ.ኤ.አ. አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባል የእሳተ ገሞራ ስንጥቅ ተከፈተ። ስምንት ወር ሙሉ እየተፋ ወደ 120 ሚሊዮን ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለቀቀ፤ ናብሮ ከእሱ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ከአይስላንድ ሕዝብ ከአምስት እጅ አንዱ አለቀ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ግብፅ ውስጥ የዓባይ ሙላት ቀነሰ፤ ረሃብ ገባ። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱን አገናኝተዋል፤ የላኪ ጋዝ ሰሜኑን አቀዝቅዞ የአፍሪካን ክረምት አዳክሞታል።

ግብፅ የሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ገደማው የሚዘንበው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው። ካይሮ ላይ የተለካው የሙላት ማነስ፣ እንግዲህ፣ በጣና ዙሪያ፣ በጎጃምና በበጌምድር ያልዘነበ ዝናብ ልክ ነው። በ1783ቱ ክረምት ጎንደር ላይ ዙፋኑን የያዙት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ታሪክ «ፍጻሜ መንግሥት» የሚላቸው። የደምቢያና የወገራ ገበሬ የዘገየውን ደመና ሲጠባበቅ ምክንያቱ አይስላንድ ላይ ያለ እሳት መሆኑን የሚነግረው ማንም አልነበረም።

ሁለተኛው ታሪክ የቅርብ ነው፤ ምንጩም ተፈጥሮ አይደለም። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያለ ገደብ ከሰል ያነደዱባቸው፣ ልቀታቸው ጣራ የነካባቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ናቸው። ሳህልም ክፉኛ የደረቀው በእነዚያው ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የወጡ የኮምፒውተር ሞዴል ጥናቶች የሰሜኑ የሰልፈር ብናኝ ለዚያ ድርቅ አንድ ምክንያት እንደነበር ያመለክታሉ። ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ ውቅያኖስ በራሱ የሚሞቅበትና የሚቀዘቅዝበት ዑደት አለ። የ1966ቱንና የ1977ቱን ዓ.ም. የረሃብ እልቂትም ዝናብ ማጣት ብቻውን አላመጣውም፤ ጦርነትና የመንግሥታት ጭካኔ ነበረበት። ቢሆንም ስዊድን ዓሣዋን ስታጣ ጉባኤ ተጠራ፣ ስምምነት ተፈረመ። ወሎና ትግራይ፣ ዋግና ስሜን ዝናብ ሲያጡ ግን ከዚያው ጭስ ጋር ያገናኘው አልነበረም። እኔ ይህን ግፍ እለዋለሁ። ተማሪም የአሲድ ዝናብን ሲማር ይህን ገጽ አብሮ መማር አለበት እላለሁ።

መሬቱ ታዲያ ለምን ኮመጠጠ?

የአፈር አሲዳማነት በአገራችን እውነተኛ ችግር ነው። ከታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ተነክቷል ተብሎ ይገመታል። በአማራ ክልል ጎጃምና አዊ ይብሳል፤ ዝናብ የሚበዛባቸው ሌሎች ደጋዎችም አያመልጡም። ምክንያቶቹ ግን ከእግራችን ሥር ናቸው። ብዙ ዝናብ ለብዙ ዘመን ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወስዷል፤ ለዚህ ንጹሕ ዝናብ ይበቃል። እህሉ ሲታጨድ ገለባው ለከብት፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ለማገዶ ይሄዳል፤ ከመሬቱ የወጣው ወደ መሬቱ አይመለስም። ዩሪያና ዳፕ ሲጨመሩ አሞኒየሙ አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይተዋል።

ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያቃጥላል፤ ፎስፈረስም ይታሰራል፣ ማዳበሪያው ባክኖ ይቀራል። ገብስና ባቄላ ቀጭጨው ይቀራሉ። አዊ ውስጥ በፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬ እርሻውን ትቶ ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ ከሰል ወደ ማክሰል የዞረበት አንዱ ምክንያት ይኸው የመሬት መኮምጠጥ ነው። ችግሩ ከአፈር ተነሥቶ ወደ ከተማ ጭስ የሚመጣበትን መንገድ አያችሁ።

መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው፤ ለአንድ ሄክታር እንደ አፈሩ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቶን። ገለባና ብስባሽ መመለስም ይረዳል። ለገበሬው «የአሲድ ዝናብ ነው የጎዳህ» ብሎ መንገር ግን ሰማይ ሰማይ እንዲያይ ያደርገዋል፤ የሚያድነው ነገር በእጁ ነው።

የአሲድ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ደጋችን ከስካንዲኔቪያ የተሻለ መከታ አለው። አለታችን ባዛልት ስለሆነ ሲፈራርስ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይሰጣል። ከሰሐራና ከሱዳን ቆላ የሚመጣው አቧራ ኖራነት አለው። ከከብቱ እበትና ሽንት የሚወጣው አሞኒያም አየር ላይ ያለውን አሲድ ያበርዳል። አፈሩ ቀድሞ የኮመጠጠበት ቦታ ላይ ግን ይህ መከታ ተሟጧል።

ግንቡና ኖራው

የፋሲል ግቢ ግንቦች ድንጋያቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ አሲድ በቀላሉ አይበላውም። ያያያዛቸው ግን ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ሎሚ ሲነካው የሚፈላው ነገር። ሰልፈሪክ አሲድ ሲያገኘው ወደ ጄሶ ይለወጣል፤ ጄሶ በውሃ ይሟሟል፣ ያብጣል፣ ይረግፋል። አግራ ውስጥ ታጅ ማሃል የተፈራለት ይህ ነበር። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 በአካባቢው ያሉ 292 ፋብሪካዎች ከሰል ትተው ወደ ጋዝ እንዲዞሩ፣ ያለበለዚያም እንዲነሡ ወሰነ።

ጎንደር ላይ ኖራውን እስካሁን ያረገፈው ሌላ ነው። በጣሪያና በስንጥቅ የሚገባ የክረምት ውሃ፣ ግድግዳ ውስጥ የሚሰድ የዛፍ ሥር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተለጠፈው ሲሚንቶ። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ በኋላ በዩኔስኮ እገዛ በተካሄደው ጥገና ያ ጭማሪ እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። ግድግዳው ላይ የምታዩት ግራጫና ጥቁር ሽፋንም በአብዛኛው ድንጋይ ላይ የሚበቅል ላይከን ነው። ይህን ሁሉ ችሎ እዚህ የደረሰ ኖራ ላይ የከሰል ጭስ መጨመር የለብንም።

የጭልጋ ከሰል

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ አይከል ይደረሳል። በጭልጋ ምድር ሥር የድንጋይ ከሰል አለ፤ ከ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ከነበረ ረግረጋማ ደን የተፈጠረ። በዚያው ድርብርብ አፈር ውስጥ የዝሆን ዘር ቀደምት እንስሳት ቅሪት ተገኝቷል፤ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም ተነግሯል። ከሰሉ በአብዛኛው ሊግናይት ነው፤ ለጋ፣ አመዱ የሚበዛ ከሰል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከውጭ የሚያስገቡትን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት እንዲተኩ መንግሥት እየገፋ ነው፤ ስለዚህ የጭልጋም ተራ ይመጣል።

አይውጣ የምል ሰው አይደለሁም፤ ሥራ የሚፈልግ ወጣት አካባቢውን ሞልቶታል። ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። በጨው አልባ ውሃ ረግረግ የተፈጠረ ከሰል በአጠቃላይ ባሕር ከነካው ከሰል ያነሰ ዲን አለው፤ ቢሆንም ድርብርቡ ሁሉ አንድ ስላልሆነ በየንብርብሩ ይመርመር። ሁለተኛው፣ የት እንደሚነድ ይታሰብ። በሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ ከሆነ በዚያ ያለው ኖራ የነዳጁን ዲን በአብዛኛው ይይዘዋል፤ ከክሊንከሩ፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ ከሚሆነው ጥሬ፣ ጋር ተዋሕዶ ይቀራል። ለኃይል ማመንጫ ወይም ለፋብሪካ ማሞቂያ ብቻውን ከነደደ ግን ዲኑ በአብዛኛው በጭስ ማውጫ ይወጣል። ቼክ፣ ፖላንድና ምሥራቅ ጀርመን በሚገናኙበት አካባቢ ሊግናይት እንዲያ ሲነድ ኖሮ የተራራው ጥድ በሰፊው ቆሞ ደረቀ። በክረምት የታችኛው ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው። ጭልጋ ላይ የሚወጣ ጭስ መንገዱ በጎንደር በኩል ወደ ስሜን፣ ወደ ዋልያውና ወደ ጅባራው ጭጋግ ነው።

መድኃኒቱን እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር፤ እሱም ኖራ ነው። ጭሱ ከመውጣቱ በፊት የኖራ ድንጋይ ዱቄት በተበጠበጠበት ውሃ ይታጠባል፤ ጋዙ ተይዞ ጄሶ ይሆናል፣ ጄሶውም ለግንባታ ይሸጣል። ከዲኑ ከ90 በመቶ በላይ ይይዛል። ገንዘብ ይጠይቃል፤ ባለሀብት በገዛ ፈቃዱ አያስገባውም። ሕጉ ግን አለን፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የጭስ ማጠቢያውን ከፋብሪካው ጋር አንድ ላይ መጠየቅ አለበት፤ ከተሠራ በኋላ ማስገባት ሁለት እጥፍ ድካም ነው።

ዝናባችሁን ለኩ

የሳይንስ ክበብ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል። ንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ፈልቶ በቀዘቀዘ የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ለባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ (በባትሪ አሲድ አይደለም) አለቅልቁ፤ የቧንቧው ውሃ ካልሲየም ስለሚተው ልኩን ያዛባል። ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከማዕድ ቤት ጭስና ከዛፍ ራቅ አድርጋችሁ፣ ዝናቡ ሲጀምር ክፈቱት። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውሃ አትውሰዱ፤ የዚንኩ ሽፋን ልኩን ይለውጠዋል። የመጀመሪያው የግንቦትና የሰኔ ዝናብ አቧራ ስላለበት ለብቻው ይጻፍ። በዚያው ቀን በተስተካከለ የፒኤች መለኪያ ለኩና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ መዝግቡ። መለኪያ እስኪገኝ ልጆችን አሲድና አልካሊ ለማስተማር ከርከዴ ይበቃል፤ ሎሚ ሲጨመርበት ይቀላል፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። የዝናብን ትንሽ ልዩነት ግን ከርከዴ አያሳይም፤ ለእሱ መሣሪያው የግድ ነው።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ጀምሮ የአካባቢ ጤና ባለሙያ የምታስመርቅ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው ከአዘዞ፣ ከአይከል፣ ከዳባትና ከደባርቅ ትምህርት ቤቶች ጋር ሆኖ የአንድ ክረምት ልክ ቢሰበስብ ትልቅ ዋጋ ያለው መዝገብ ይሆናል። ፋብሪካ ከተተከለ በኋላ «ዝናባችን ተበላሸ» ብሎ የሚከስ ሰው፣ ከፋብሪካው በፊት ምን እንደነበር ማሳየት አለበት። መምህራን፣ የዘንድሮው ክረምት ሳያልፍ ጀምሩት።